ያለ ሪላክሰር ከርዳዳ ፀጉርን መዘርጋት፦ ከእጥበት እስከ መፍታት

ሪላክሰር (ፀጉርን በኬሚካል ሉጫ የሚያደርግ ቅባት) ለመተው ቆርጠው ተልባ የቀቀሉ፣ እሬት የላጡ፣ ቅቤ የተቀቡ ብዙ ሴቶች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «አልሆነልኝም» ብለው ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተልባው አይደለም። ወይ ፀጉሩ ሳይደርቅ ተፈትቷል፣ ወይ ቅቤው ከውሃው ቀድሟል፣ ወይም የተጠበቀው ነገር ከመጀመሪያውም ሊሆን የማይችል ነበር።

ስለዚህ የማይሆነውን አስቀድመን እናስወግድ። ከርዳዳ ፀጉርን ለዘለቄታው ሉጫ የሚያደርግ ቅጠል፣ ዘይትም ሆነ ቅባት የለም። ሪላክሰር ይህን የሚያደርገው ፀጉር የተሠራበትን ፕሮቲን፣ ኬራቲንን፣ አጥብቀው የያዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ስለሚሰብር ነው፤ አንዴ ከተሰበሩ አይመለሱም። ውሃ የሚፈታቸው ደግሞ ሌሎች ደካማ ማሰሪያዎች አሉ፤ የሃይድሮጅን ማሰሪያዎች ይባላሉ። ፀጉር ሲረጥብ ይላቀቃሉ፣ ሲደርቅ ፀጉሩ ባለበት ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ፀጉሩን እርጥብ ሳለ ዘርግተሽ ትይዣለሽ፣ እንደተዘረጋ ታደርቂዋለሽ። ውጤቱም እስከሚቀጥለው እጥበት ወይም ዝናብ ድረስ ይቆያል።

## ደረጃ 1፦ ሪላክሰሩን በሥርዓት ማቆም

ሪላክሰር ተቀብተሽ የማታውቂ ከሆነ ይህን ዝለይና ወደ ደረጃ 2 እለፊ።

1. የመጨረሻውን ሪላክሰር የተቀባሽበትን ቀን ጻፊ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ስድስት ሴንቲሜትር ገደማ አዲስ ከርዳዳ ፀጉር ይኖርሻል፤ ከታቹ አሮጌው ሉጫ ይቀጥላል።

2. ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ በጣትሽ ዳስሰሽ ለዪ። ከሥር ወደ ጫፍ ስትወርጂ ጠምዘዝ ያለው አልቆ ልሙጡ የሚጀምርበት ነው። ፀጉርሽ የሚበጠሰው እዚህ ነው። ማበጠሪያ በዚህ ቦታ ላይ በኃይል ካለፈ ጫፉ ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

3. ከሁለት መንገድ አንዱን ምረጪ። አንደኛው አሮጌውን በአንድ ጊዜ ቆርጦ በአጭሩ መጀመር ነው። ሁለተኛው በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከጫፍ እየቀነሱ መሄድ ነው፤ እንደ ፀጉሩ ርዝመት ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በእኔ አስተያየት ፀጉሯ ከትከሻ በላይ የሆነች ሴት ብትቆርጠው ብዙ ድካም ታተርፋለች። ለመቁረጥ ካልጨከንሽ ግን አይደንግጥሽ፤ ትዕግሥት ብቻ ያስፈልግሻል።

4. በዚህ ጊዜ ውስጥ «ሥሩን ብቻ ትንሽ ላስነካው» አትበዪ። ሥሩን የተቀባው ሪላክሰር ወደ አሮጌው ይወርዳል፣ አንዴ የተጎዳውን ደግሞ ይጎዳዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የራስ ቅል ቆዳሽ በሪላክሰር ተቃጥሎ ቅርፊት ወይም ቁስል ካለው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስ ምንም አትቀቢ፤ ተልባም፣ እሬትም፣ ቅቤም ይቆዩ። እስከዚያው በለብ ያለ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

## ደረጃ 2፦ ከመጀመርሽ በፊት የሚዘጋጅ

ሥራውን የምትጀምሪው ውሃ ባለበት ቀን ጠዋት ይሁን። በሰፈርሽ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ቢያንስ 20 ሊትር ሳትይዢ አትጀምሪ፤ ሻምፑ ጭንቅላትሽ ላይ ሳለ ውሃ ቢቋረጥ ያን ቀን የምታደርጊው ሁሉ ይበላሻል። ምሽት ላይ መጀመር ደግሞ እርጥብ ፀጉር ይዞ መተኛትን ያመጣል።

የሚያስፈልጉሽ እነዚህ ናቸው፦

- ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ
- ፀጉር መክፈያ መቆንጠጫዎች፣ ቢያንስ ስድስት
- ሻምፑና ኮንዲሽነር
- ውሃ መርጫ ጠርሙስ
- ያረጀ የጥጥ ካናቴራ (ፎጣ ፀጉር ያንገላታል)
- ያልተቆላ ሙሉ ተልባ
- ያልተለበሰ ስቶኪንግ ወይም ቀጭን ነጠላ ጨርቅ ለማጥለያ
- ፈዘዝ ያለ ዘይት፤ የወይራ ወይም የኮኮናት ይሆናል
- የሹራብ ክር ወይም ብረት የሌለው ለስላሳ የፀጉር ላስቲክ
- የሳቲን ሻሽ

የጉሎ ዘይት ካለሽ ለብቻው አትጠቀሚበት፤ በጣም ወፍራም ስለሆነ ፀጉሩን ያጣብቃል። አንድ እጅ የጉሎ ዘይት በሦስት እጅ ሌላ ዘይት ቀጥኖ ይሠራል።

### የቆዳ ሙከራ

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ቆዳሽ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። ልትቀቢ ያሰብሽውን ከክርንሽ ውስጠኛ በኩል በትንሹ ቀብተሽ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቂ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ተዪው። በተለይ ሁለቱ ሙከራ ይፈልጋሉ፦

እሬት። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ቅጠሉን ቆርጠሽ ቁልቁል አቁሚውና ቢጫው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፤ ከዚያ ታጥቦ ይላጣል፣ የሚወሰደውም ነጩና ጥርት ያለው ውስጡ ብቻ ነው።

አብሽ። ለውዝ ወይም ሽንብራ የማይስማማት ሴት አብሽም ላይስማማት ይችላል።

## ደረጃ 3፦ እጥበትና ማፍታታት

1. ፀጉርሽን ደረቅ ሳለ ከአራት እስከ ስድስት ቦታ ክፈዪና እያንዳንዱን በመቆንጠጫ ያዢ። እስከ መጨረሻው ድረስ አታቀላቅዪያቸው።

2. ቅቤ ወይም ብዙ ቅባት ካለው ሁለት ጊዜ በሻምፑ እጠቢ። የመጀመሪያው አረፋ አይሰጥም፤ ያ የተለመደ ነው። ሁለተኛው አረፋ ካልሰጠ ግን ቅቤው ገና አልለቀቀም፤ ውሃውን ትንሽ ሞቅ አድርገሽ ሦስተኛ ጊዜ ድገሚ። ቅባት የቀረበት ፀጉር ተልባውን አይቀበልም፤ «ተልባው አልያዘኝም» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

3. ሻምፑው ለቆዳው ነው። በጣትሽ ገላ (ጥፍርሽ አይንካው) ቆዳውን እሺ፤ ፀጉሩን ታጥቦ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ፀጉሩን ሰብስበሽ አናትሽ ላይ አትፈትጊው።

4. ኮንዲሽነሩን ከጆሮ በታች ላለው ፀጉር በብዛት ስጪ። ኮንዲሽነር ከሌለሽ አብሽ ይተካዋል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አብሽ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ አጥልዪና የሚያንሸራትተውን ውሃ ፀጉርሽ ላይ አፍስሺ። ሽታው አንድ ሁለት ቀን ይከተልሻል፤ ይህን አውቀሽ ግቢበት።

5. አሁን ማበጠሪያ አንሺ። ከጫፍ ጀምሪ፤ ጫፉ ሲፈታ ሁለት ጣት ያህል ከፍ በዪ፣ እንደዚያ እያልሽ ወደ ሥር ውጪ። የተተበተበ ሲያጋጥምሽ ከትብትቡ በላይ ያለውን ፀጉር በሌላው እጅሽ አጥብቀሽ ያዢ፤ ጉተታው ሥሩ ላይ እንዳይደርስ።

6. ለቅልቂ፤ በካናቴራው ጨምቀሽ ውሃውን አውጪ። አትሺው።

ፀጉር በብዛት ቢወጣ? ከመደንገጥሽ በፊት የወጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊና ተመልከቺ። ረጅም ሆኖ በአንድ ጫፉ ነጭ እብጠት ካለው ጊዜው ደርሶ የረገፈ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ያህል መርገፍ የተለመደ ነው፣ ሳምንት ሙሉ በሹሩባ ተይዞ የቆየው ደግሞ በአንድ ቀን ተጠራቅሞ ይወጣል። አጫጭርና ነጭ እብጠት የሌለው ቁርጥራጭ ከበዛ ግን ፀጉሩ እየተሰበረ ነው፦ ያን ቀን ማበጠሪያውን አስቀምጪና በጣትሽ ብቻ ጨርሺ፣ ለቀጣዮቹ ሳምንታትም ማንኛውንም ሙቀት አቁሚ።

## ደረጃ 4፦ የተልባ ቅባት አቀቃቀል

የገበያ ጄል ሲደርቅ ፀጉርን ድርቅ አድርጎ ያስቀራል፤ ተልባ ይይዛል፣ ግን ሲነኩት ይለሰልሳል። አሠራሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚያበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ የተቆላ ተልባ መጠቀም፣ የተፈጨ ተልባ መጠቀም፣ ቀዝቅዞ ከረጋ በኋላ ማጥለል። በየቤቱ ያለው ተልባ አብዛኛው ለመጠጥ ወይም ለፍትፍት የተቆላ ነው፤ እሱን ተዪና ጥሬውን ግዢ።

1. ሩብ ብርጭቆ ተልባ አበጥረሽ አሸዋውንና ገለባውን አውጪ። አትፍጪው።

2. በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በትልቅ ድስት ጣጂ። ትንሽ ድስት አይሁን፤ አረፋው ይገነፍላል፣ የገነፈለው ከምድጃ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

3. መፍላት ሲጀምር እሳቱን መካከለኛ አድርጊና ሳታቋርጪ አማስዪ።

4. ደቂቃ አትቁጠሪ፣ ማማሰያውን ተመልከቺ። በኢንተርኔት የሚገኙ አሠራሮች ሰባት ወይም አሥር ደቂቃ ይላሉ፤ እነዚያ የተጻፉት ባብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ተልባው እዚህ ጊዜ ይወስዳል። ዱባይ ወይም ጅዳ ላለች ሴት ግን አሥር ደቂቃ ሊበዛ ይችላል። ምልክቱ አንድ ነው፦ ማማሰያውን ስታነሺው የሚወርደው ጠብታ እንደ እንቁላል ነጭ ሳይቆረጥ ከተጎተተ ደርሷል። ወዲያው አውርጂ።

5. ትኩስ ሳለ አጥልዪ። ስቶኪንጉን በጆግ አፍ ላይ ወጥረሽ አፍስሺ፤ መጭመቅ የምትጀምሪው እጅ ሲችለው ነው። ትኩስ ተልባ እንደ ውሃ ቶሎ አይወርድም፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ያቃጥላል፤ ልጆች ምድጃው አጠገብ አይቁሙ።

6. አቀዝቅዢ። ከፈለግሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ ምቺው። ሎሚ አትጨምሪ።

7. በንጹህ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ፤ ሳምንት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ለዚያው ቀን የሚበቃውን ብቻ ሥሪ። ከጠጠረ፣ ከቀጠነ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣዪው።

ሲበላሽ፦

*ወፍሮ አልወርድ ቢል* ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ጨምረሽ እንደገና እሳት ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆይው፣ ከዚያ አጥልዪ።

*ቀዝቅዞም ውሃ ሆኖ ቢቀር* ያጠለልሽውን ብቻውን መልሰሽ ጣጂና ውሃው ትንሽ እስኪተን ጠብቂ።

*ፀጉር ላይ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ቢሆን* ከሌላ ቅባት ጋር አልተስማማም ወይም በዝቷል። ከመቀባትሽ በፊት ሁለቱን መዳፍሽ ላይ አዋህጂያቸው፤ ቅንጣት ቅንጣት ከሠሩ አብረው አይሄዱም።

## ደረጃ 5፦ መዘርጋት

ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ አይሁን፤ ደርቆም አይሁን። ስትዳስሺው እርጥብ ሆኖ እጅሽን የማያርስ ሲሆን ጊዜው ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጪ፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ተልባ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ዘይት። ዘይትና ቅቤ እርጥበት አይሰጡም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ይይዛሉ። በደረቀ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን ነው የሚያሽገው።

ለአንዱ ክፍል የሩብ ብርጭቆ ሩብ የማይሞላ ተልባ ይበቃል። ከሥር ሁለት ጣት ያህል ርቀሽ ጀምሪ፤ ቆዳውን አትቀቢ።

### ሀ. በሹሩባ (ከጣት ርዝመት በላይ ለሆነ ለማንኛውም ፀጉር)

የሚፈለገው ለውበት የሚሠራው ቀጭን ሹሩባ አይደለም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆን፣ ወፈር ያለና ለቀቅ ያለ ጉንጉን ነው። ከሥሩ ላይ ፀጉሩን ትንሽ ዘርግተሽ ያዢና ወደ ታች እየጎተትሽ ጎንጉኚ፤ ጉተታው ርዝመቱ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይሁን። ጫፉን በጣትሽ ወይም በትንሽ መጠቅለያ ጠቅልዪው፤ አለበለዚያ ጫፉ ብቻ ከርደድ ብሎ ይቀራል።

ባነሱ ቁጥር ፀጉሩ ይበልጥ ይዘረጋል፣ ግን ለመድረቅ ይዘገያል። ሲበዙ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ግን ሞገድ ይተዋሉ።

### ለ. በክር (ይበልጥ ሉጫ ለምትፈልግ)

በምዕራብ አፍሪካ እናቶች ዘንድ የታወቀ አሠራር ነው፤ ከሹሩባ የተሻለ ይዘረጋል፣ በተለይ ሥሩን። እኛ አገር ብዙም አይሠራበትም፤ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

1. አንድ ክንድ ያህል የሹራብ ክር ቁረጪ። ቀጭን የስፌት ክር አይሆንም፤ ፀጉር ይቆርጣል።
2. ሁለት ጣት ስፋት ያለው ፀጉር ለዪና ክሩን ሥሩ ላይ ሦስት ዙር አዙሪ። ከቆዳው ትንሽ ይራቅ።
3. ፀጉሩን ወጥረሽ ይዘሽ ክሩን ወደ ታች ጠምዝዢ፤ በዙሮቹ መካከል የግማሽ ጣት ክፍተት ተዪ፣ አየር እንዲገባ።
4. ጫፉን ሙሉ በሙሉ ሸፍነሽ እሰሪ።

*ክሩ ወደ ታች ቢንሸራተት* ዘይቱ በዝቷል፤ የዚያን ክፍል ዘይት በካናቴራው ጠርገሽ ድገሚ።

### ሐ. በቢጎዲን

ትልልቅ ቢጎዲኖችና ካስክ (ጭንቅላት ላይ የሚደፋ ማድረቂያ) ለሚገኝላት ሴት ነው። ከመጠቅለልሽ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ወጥረሽ አበጥሪ፤ የላላ ፀጉር ቢጎዲን ላይ እንደላላ ይደርቃል። ካስኩ መካከለኛ ሙቀት ላይ ይሁን፤ ከደረቀ በኋላም ሳትፈቺ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ።

ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውንም ብትመርጪ ግንባርሽና ጆሮ ግንድሽ አካባቢ ያለውን ቀጭን ፀጉር አታጥብቂ። ቅንድብሽ ከተጎተተ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከታየ፣ ወይም ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ሰዓት ፍቺ። «ሲያድር ይላላል» የሚለውን አትስሚ። ለዓመታት በተደጋጋሚ የሚጎተት የግንባር ፀጉር ሥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ በምንም ቅባት አይመለስም።

## ደረጃ 6፦ ማድረቅ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ወፍራም ፀጉር ተጎንጉኖ በራሱ ለመድረቅ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ላዩ በሁለት ሰዓት ይደርቃል፤ ያታልላል።

1. ጠዋት ተሠርተሽ ከሆነ ቀን ላይ ሻሽ አትሰሪ፣ አየር ይግባው። ፀሐይ ላይ ጥቂት መቀመጥ ይጠቅማል።

2. በእጅ የሚያዝ ማድረቂያ ካለሽ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ አድርጊው፤ ከሥር ወደ ጫፍ አቅጣጫ ንፊ፣ ከፀጉሩ አንድ ስንዝር ራቂ።

3. መድረቁን የምታውቂው ከጀርባ፣ ማጅራት ላይ ካለው በጣም ወፍራም ጉንጉን ነው። ሥሩን በእጅሽ ጀርባ ንኪ። ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ እርጥብ ነው። መጠራጠር ካለብሽም አልደረቀም።

4. አንዱን ብቻ ለሙከራ ፍቺ። ተዘርግቶ ከቆየ ሌሎቹን ፍቺ፤ ወዲያው ወደ ላይ ከተሰበሰበ መልሰሽ ጎንጉኚና ጠብቂ።

5. ምሽት ላይ ገና እርጥብ ከሆነ ቢያንስ ሥሩን በማድረቂያ ሳታደርቂ በሻሽ አሽገሽ አትተኚ። ታፍኖ ያደረ እርጥብ ቆዳ ይሸታል፣ ፎሮፎርም ያብሳል።

በክረምት ወራት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሁሉንም በእጥፍ ጊዜ አስቢ። በባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ በጅቡቲም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ የአየሩ እርጥበት ራሱ ፀጉሩን ወደ ከርዳዳነት ይመልሰዋል፤ እዚያ ላለች ሴት ተፈትቶ ከሚለቀቅ ፀጉር ይልቅ ተዘርግቶ የሚሰበሰብ ፀጉር ይሻላታል። ከአየሩ ጋር አትታገዪ።

## ደረጃ 7፦ መፍታትና ማቆየት

ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት በጣቶችሽ ጫፍ አሺና ከጫፍ ጀምረሽ ፍቺ። ማበጠሪያ አትንኪ፤ በጣትሽ ለያይተሽ ቅርጹን አውጪ። ሉጫነት የምትፈልጊ ከሆነ ከተፈታ በኋላ ፀጉሩን በጭንቅላትሽ ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ እያለሰለስሽ ጠቅልዪና በሳቲን ሻሽ አስረሽ እደሪ፤ ጠዋት ላይ ብዙ ልዩነት ታያለሽ።

በየማታው አራት ወይም ስድስት ለቀቅ ያለ ጉንጉን አድርገሽ በሳቲን ሻሽ ተኚ። በጥጥ ሻሽ ወይም በሱፍ ኮፍያ አይሆንም፤ እርጥበቱን ይመጠዋል።

በሳምንቱ መካከል ሥሩ ከተሰበሰበ ውሃ አትርጪበት። የተሰበሰበውን ብቻ በክር ጠምዝዘሽ እደሪ።

ቅቤ ለምትወድ፦ ለጋ ቅቤ ከመታጠብሽ በፊት፣ ትንሽ በረጠበ ፀጉር ላይ፣ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት ይቀባ። ከተዘረጋ በኋላ የሚቀባው ቅቤ ፀጉሩን ያከብደዋል። ፎሮፎር ካለብሽ ቆዳሽን አታስነኪው፤ ፎሮፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ነው የሚበላው።

## ሠርግ ወይም በዓል ሲመጣ፦ ፔስትራ

ፔስትራ (በኤሌክትሪክ የሚግል የፀጉር መተኮሻ) ኬሚካል ባይሆንም ገራም አይደለም። የግድ ከሆነ እንዲህ አድርጊ፦

- ፀጉሩ በክር ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል፤ የመጥበስ ድምፅ ወይም የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ወዲያው አቁሚ።
- ቅቤም ዘይትም አይኑርበት። ሙቀት መከላከያ ተብሎ የሚሸጠውን ብቻ ተጠቀሚ።
- ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ይሁን። ዲግሪ የማያሳይ ፔስትራ አትጠቀሚ።
- በአንድ ክፍል ላይ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይለፍ።
- በሁለት ጊዜ መካከል ቢያንስ አንድ ወር ይሁን።

ታጥበሽ ሲደርቅ አንዳንዱ ፀጉር ሉጫ ሆኖ ከቀረና አልመለስም ካለ ሙቀት ጎድቶታል። የሚመልሰው ቅባት የለም፤ እየቀነሱ መቁረጥ ነው።

## እነዚህን አትንኪ

የኮኮናት ወተት፣ ሎሚና ስታርች ድብልቅ። «የተፈጥሮ ሪላክሰር» ተብሎ በየቪዲዮው ይታያል። ፀጉሩን የሚያለሰልሰው የኮኮናቱ ቅባት ነው፤ ዝርግ የሚያስመስለው ደግሞ ለመቀባት ሲባል መበጠሩ ነው። ሎሚው ትንሽ ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ኮኮናቱን ብቻ ብትቀቢ ትርፉ ያው ነው።

ቤኪንግ ሶዳ። አልካሊ ነው፤ የፀጉሩን ሽፋን ያሻክራል። ከታጠቡበት በኋላ የሚሰማው ስሜት ጽዳት ሳይሆን ሻካራነት ነው።

ጥሬ እንቁላል። ፕሮቲኑ ትልቅ ስለሆነ ወደ ፀጉር አይገባም፤ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ደግሞ ይበስልና ከፀጉሩ መልቀም ነው።

«ኖ ላይ» የተባለ ሪላክሰር። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለውም ማለት ነው እንጂ ሪላክሰር አይደለም ማለት አይደለም። በካልሲየም ሃይድሮክሳይድና በጓኒዲን ያንኑ ማሰሪያ ይሰብራል፤ ፀጉርን በማድረቅ ደግሞ ይታወቃል። «ለሕፃናት» የሚል ሥዕል ቢኖርበትም ልጅሽን አታስነኪያት።

«ፎርማልዲሃይድ የሌለው ኬራቲን»። «ኬራቲን» እየተባሉ ከሚሠሩት ፀጉር ማለስለሻዎች ውስጥ በፎርማልዲሃይድ ምትክ ግላይኦክሲሊክ አሲድ የሚገባባቸው አሉ። በእስራኤል ከእነዚህ ማለስለሻዎች በኋላ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው ሴቶች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። ዝርዝሩ ላይ ይህ ስም ካለ፣ ወይም ዕቃው ዝርዝር ከሌለው፣ ለሠሪዋ መልሺ። ከተሠራሽ በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂና መሠራትሽን ንገሪ፤ ካልተናገርሽ ማንም አይጠረጥረውም።

«ይህን ሁሉ ከምደክም በዓመት አምስት ጊዜ ሪላክሰር ብቀባ ምን አለበት?» ለምትይው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከ33 ሺህ በላይ የአሜሪካ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የሚጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል፣ በማይጠቀሙት ዘንድ ግን 1.64 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ጥናቱ ኬሚካሉ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ግንኙነቱን ነው ያሳየው። አንቺ ራስሽ መዝኚው።

## ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ቅባት መቀያየር ትተሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፦

- ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ከረገፈ
- አናትሽ መካከል እየሳሳ ከሄደና ቆዳው ካቃጠለ ወይም ካመመ
- መግል የያዘ ቁስል ካለ
- ሹሩባ ካቆምሽ ስድስት ወር አልፎ የግንባርሽ ፀጉር ካልተመለሰ

ስትሄጂ ፀጉርሽን ታጥበሽ ያለ ቅባት፣ ያለ ሹሩባ ሂጂ፤ ቆዳው መታየት አለበት። የምትቀቢያቸውን ዕቃዎች ከነጠርሙሳቸው ይዘሽ ሂጂ፤ ስማቸውን ብቻ መናገር አይበቃም፣ ሐኪሙ ጀርባቸው ላይ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ይፈልጋል።